ሠላሳ አንድ ኪሎ በአግዳሚው ላይ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ በጥብቅ ይታወቅ ዘንድ፤ ከየካቲት አንድ ቀን ጀምሮ ማንኛውም ሠራተኛ፣ ጎብኚ፣ የበላይ ኃላፊ፣ እንዲሁም የጥበቃ ቤቱ ነዋሪ የሆነችው ግራጫ ድመት፣ ጫማቸውን አውልቀው (ድመቷ እንዳለች) ሳይመዘኑና በመዝገብ ሳይሰፍሩ ወደ ምድር ቤቱ መውረድ የማይችሉ መሆኑን ጣቢያው በታላቅ ትሕትና ያስታውቃል።

ማስታወቂያውን ያረቀቀው፣ የተየበው፣ ማህተም ያሳረፈበትና በአራት ሚስማር በሩ ላይ የመታው አንዳርጌ ነው። አንባቢው ግን ብዙ አልነበረም። ከአረንዛ ከተማ በላይ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ኮረብታ ላይ የቆመው የስበት ጣቢያ ሁለት ሠራተኞች ብቻ ነበሩት፤ ቴክኒሺያኑ እሱ፣ ዘበኛው ጋሽ አበጋዝ።

«ድመቷንም?» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«ድመቷንም።»

«እሷ እኮ የምትበላው ከእኔ ጋር ነው፤ ምን ክብደት ይኖራታል ብለህ ነው!»

ሦስተኛዋ አንባቢ የአንዳርጌ ልጅ ሶልያና ነበረች። «ድመቷ እንዳለች» የሚለው ላይ ስትደርስ ቦርሳዋን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር፣ ማስታወቂያው በዚያ ቋንቋ የተጻፈው ለዚያ ሳቅ ተብሎ ነበር።

ጉዳዩ ግን ቀልድ አልነበረም። ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በአለት ላይ በተተከለ የሲሚንቶ ምሰሶ አናት ላይ፣ ከሰው የሚበልጥ ዕድሜ ያለው የሚመስል ግራጫ በርሜል ተቀምጧል። በርሜሉ ሆድ ውስጥ፣ በፈሳሽ ሂሊየም ብርድ መሀል፣ ትልቅ ብይ የምታህል የብረት ኳስ ምንም ሳይነካት በማግኔት ኃይል ተንሳፍፋለች። ክብደት ያለው ነገር ሁሉ፣ ኢምንት ቢሆንም፣ ሌላውን ወደ ራሱ ይስባልና ይቺ ኳስ ጨረቃ በላይዋ ስታልፍ ትሰማለች፤ ክረምት ገብቶ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ትሰማለች፤ ሰው አጠገቧ ሲቆምም ያንን ሰው ትሰማለች። ስለዚህ ወደ ምድር ቤት የወረደ ሰው ሁሉ ክብደቱ፣ ሰዓቱና የተቀመጠበት ቦታ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩም ያንን ሰው ከመስመሩ ላይ ይቀንሰዋል። ይህን «ማስተካከያ» ይሉታል። ሰው ሁሉ ተቀንሶ ሲያልቅ የሚቀረው መስመር የምድር ብቻ ይሆናል።

ቤት መብራት ስለማይጸና ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ትመጣና፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ግድግዳውን የተጠጋው የእንጨት አግዳሚ ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። መንደሪን ትልጣለች፣ ልጣጩን ኪሷ ውስጥ ትከታለች፣ እርሳሷን ትነክሳለች። አንዳርጌ በየቀኑ መጻፉ ስለሰለቸው ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ አዘዘው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ «ሶልያና፣ ሠላሳ አንድ ኪሎ፣ አግዳሚ»። ኮምፒውተር ታዛዥ ነው። አንዴ ከታዘዘ ሞትም አይሽረውም።

ግንቦት ላይ ማጅራት ገትር በሦስት ቀን ወሰዳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

አንዳርጌ ወደ ሥራ የተመለሰው ከአርባዋ ማግስት ነው። መሣሪያው እስከዚያ ራሱን ችሎ ሠርቷል። ምድር ቤቱ እንደ ድሮው የረጠበ ሲሚንቶና የዘይት ሽታ ይሸታል፤ ሙቀት እንዳይረብሽ ተብሎ የተሰቀለችው አንዲት ደካማ አምፖል ከራሷ አልፋ የምታበራው ብዙ አልነበራትም፤ የማቀዝቀዣው ፓምፕ በየሰከንዱ፣ በርቀት እንደሚጮህ ጫጩት፣ ጭው፣ ጭው ይላል። ተቀምጦ የአርባውን ቀን መስመር ከፈተ። ንጹህ ነበር። እሱ ፀጉሩን ሲነጭ በከረመባቸው ቀናት ምድር ያለ አንዳች እንከን ከፍ ዝቅ ስትል ከርማለች። በዚህ ተናደደ፤ ቀጥሎ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ ሙያ ክፉ ነገር ነውና፣ አንድ ስህተት ታየው።

የሶልያና ማስተካከያ አልተሰረዘም ነበር። ኮምፒውተሩ አርባ ቀን ሙሉ የሌለች ልጅ ሲቀንስ ኖሯል። የሌለ ነገር ከተቀነሰ ደግሞ መስመሩ ላይ በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ጉድጓድ መኖር ነበረበት።

ጉድጓድ አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስሟን ሰረዘው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ሁለተኛ እንደመቅበር ነበር። ልክ ዘጠኝ ሲሆን መስመሩ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ትንሽ ጉብታ ሠራ፤ እዚያው ጸና። አንዳርጌ ቀና ብሎ አግዳሚውን አየ። ባዶ እንጨት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጉብታው ወረደ፣ ልክ አንድ ሰው ተነስቶ እንደሄደ፤ ክፍሉ ውስጥም የመንደሪን ልጣጭ ሸተተ፣ ወይም የሸተተ መሰለው።

ሰው ነውና ሰበብ ፈለገ። የቧንቧ ውሃ ፈተሸ። ከጀርባ መንገድ ላይ የሚቆም መኪና እንዳለ ጠየቀ። ግድግዳ አንኳኳ።

«አይጥ ይሆናላ» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«ሠላሳ አንድ ኪሎ አይጥ?»

«ያቺ ድመት ሥራ ካቆመች ስንት ጊዜዋ! ዘር አፍርተው ይሆናል።» ከዚያ የአንዳርጌን ፊት አዩና ቆባቸውን አወለቁ። «ይቅር በለኝ ልጄ። ምን አገኘህ?»

«ምንም። የመሣሪያ ነገር ነው።»

በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም፣ ቅዳሜና እሁድን ብቻ አርፋ፣ መጣች። በሦስተኛው ሳምንት አንዳርጌ ስሟን ወደ ማስተካከያው መለሰ። መስመሩ ተቃና። ለዋናው መሥሪያ ቤት በሚላከው ሪፖርት ላይ «ሁኔታው የተለመደ» ብሎ ሲጽፍ፣ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተነፈሰ።

ሐምሌ ሲገባ አጠገቧ መቀመጥ ጀመረ። በአግዳሚው ሌላኛ ጫፍ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስለ ቤት ይነግራታል፤ እናትሽ ስንዱ ዛሬ ትንሽ በላች፣ የጎረቤት ውሻ ወለደች፣ አጎትሽ ደወለ። ፓምፑ ብቻ ጭው ይላል፤ የአግዳሚው እንጨት ግን ከሷ በኩል ከእሱ በኩል ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር፤ አንዳንዴም አምፖሏ ስትደክም፣ በዓይኑ ጥግ፣ ጨለማው ከሌላው ጨለማ ትንሽ የጠነከረበት ስፍራ ያይና ቀጥ ብሎ ሲመለከተው ያጣዋል። አንድም ቀን አልፈራም። ሰው ልጁን ይፈራል?

በነሐሴ መጀመሪያ ሦስተኛዋን ደረጃ ልብ አላት። ጣቢያው ከተሠራ ጀምሮ ማንም ሲረግጣት ሲጥጥ የምትል አሮጌ እንጨት ናት። አንዳርጌ ረገጣት፤ ዝም አለች። ተመልሶ ረገጣት። ዝም። በዚያው ሳምንት በጭቃው ግቢ ሲመላለስ የጋሽ አበጋዝ ቦቲ እስከ ቁርጭምጭሚት የገባበት ቦታ ላይ የእሱ ጫማ ምልክት ብቻ እንደተወ አየ። ከመዝገቡ ጋር አመሳከረው፤ የካቲት ላይ ስልሳ ስምንት ኪሎ ነበር። ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሃምሳ ዘጠኝ።

ሰውነቱ አልከሳም። ቀበቶው በለመደው ቀዳዳ ነው የሚታሰረው፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ እንደ ድሮው ጠበብ ይላል። ሚዛኑን ጠረጠረና ከመጋዘን የሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ አውጥቶ ጫነበት። ሚዛኑ ሃምሳ አለ።

መስከረም ላይ ስንዱ ለምና ለምና ወላጆቿ አገር ሁለት ሳምንት ይዛው ሄደች። ሲመለስ ጉብታው ሃያ ስድስት ኪሎ ሆኖ ጠበቀው። በመጀመሪያዎቹ አርባ ቀናት ከማንም ምንም አልፈለገችም፤ አሁን ግን ለምዳ ነበር፤ የለመደ ሲቀርበት ይከሳል። ሳምንቱን ሙሉ አጠገቧ ተቀመጠ። ወደ ሠላሳ አንድ ተመለሰች፤ እሱ ከዘጠኝ ኪሎ በላይ ጎደለ። ሂሳቡ አይገጥምም፤ ልጅ ግን መቼ የበላውን ሁሉ ሥጋ ያደርጋል? ብሎ አለፈው። አባት ልጁን በትከሻው ይሸከም የለም? ይሄም ያው መሸከም ነው።

ስንዱ የደረሰችበት በኅዳር፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ግቢ ውስጥ አንሶላ ታሰጣለች፤ እሱ የገመዱን ጫፍ ይዞላታል። ከሸለቆው ነፋስ ተነሳ። አንሶላው ተነፋ፣ አንዳርጌም ከእግሩ ተነቅሎ አብሮ ተጎተተ። ስንዱ ሮጣ ወገቡን አቀፈችውና፣ ልታቆመው ብላ ሳብ ስታደርገው፣ እንደ ጭድ ከረጢት ብድግ አለላት። ሁለቱም ደነገጡ። እሷ አላስቀመጠችውም። ፊቱን በፊቷ ትክክል አንስታ፣ አፏን ከፍታ፣ ስትመለከተው ቆየች።

«ምንድነው ይሄ?» አለች በመጨረሻ። «አልጋው ስትተኛ እንደማይጎደጉድ እኮ ካወቅሁ ቆየሁ። ሐዘን ነው እያልኩ ነበር። ምንድነው?»

ነገራት። ሁሉንም። አንሶላው መሬት ላይ እየተንከባለለ፣ እሷ ሳታቋርጠው።

«አይተሃታል?»

«አላየኋትም።»

«ድምፅዋን?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምኗን ነው ያወቅኸው?»

«ክብደቷን።»

ስንዱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «የእኔ ልጅ ያለችው ሚካኤል ግቢ ነው» አለች። «ሐውልቷን ቅዳሜ ቅዳሜ በእነዚህ እጆቼ ነው የማጥበው። አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ባል አልጨምርም። ሁለተኛ እዚያ አግዳሚ ላይ ላትቀመጥ ማልልኝ። በአጥንቷ ማል።»

በአጥንቷ ማለ። ሚዛኑ ላይ አርባ አንድ ኪሎ ነበር።

መሐላውን ጠበቀ። መስመሩን ከላይኛው ቢሮ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጦ ይከታተላል። ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ስምንት፣ ሃያ አምስት። ሪፖርቱ ንጹህ እንዲሆን ማስተካከያውን በየቀኑ በእጁ መለወጥ ነበረበት፤ በየቀኑ በገዛ ጣቱ ልጁን ይቀንሳል። ሃያ ሁለት ሲጽፍ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ታየችው፣ ሃያ ሲጽፍ የሰባት። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን ጥሎ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። አንድ ወር እንኳ አይቀራትም። ይህችኛዋ ሞት ቀስ ብላ ነው የምትመጣው፣ በቁጥር፣ ዓይኑ እያየ፣ ደግሞም በእሱ ፊርማ።

ዶክተር ረድኤት የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከች፣ ውጭ አገር ተምራ የተመለሰች፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ወጣት ተመራማሪ ናት። በዓለም ላይ ያሉ የስበት ጣቢያዎችን መስመር አወዳድራ ስትጨርስ ከሁሉም የጠራው የአረንዛ ሆኖ አገኘችው፤ ምስጢሩን በዓይኗ ልታይ ነው የመጣችው። ማስታወቂያውን አንብባ ሳቀች። አንዳርጌ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

«ጋሼ፣ ድመቷ ስንት ናት ታዲያ?»

«ሦስት ተኩል። ግን አትወርድም፤ ወርዳም አታውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች።»

ጫማዋን አውልቃ ተመዘነች፤ ሃምሳ ስምንት። ምድር ቤቱ ውስጥ የነበረውን ብቸኛ ወንበር አንዳርጌ በጠዋት ተነስቶ ራሱ ወደ ላይ አውጥቶት ነበር። ሲያወጣው ለምን እንደሆነ ለራሱ አልነገረም።

«እዚያች አግዳሚ ላይ ይመችዎታል ዶክተር።»

«ምንም ችግር የለም፤ እኔ መሬትም ላይ እሠራለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ረድኤት ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች፤ አንዳርጌ በርሜሉ አጠገብ ቆሞ ትንሿን ስክሪን ያያል። የእንግዳዋ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ተቀንሷል፣ የእሱም ተቀንሷል። የቀረው ጉብታ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ሃያ ሁለት ሆነ። ሃያ ሰባት። ረድኤት ኮቷን ሰብሰብ አደረገች። «ብርዱ ከዚህ በኩል ነው የሚመጣው» አለች፣ ባዶውን የአግዳሚ ጫፍ ሳታይ በእስክሪብቶዋ እያመለከተች። ሠላሳ አንድ። የአንዳርጌ ዓይን እንባ ሞላ፤ ለራሱ በቃ፣ በቃ ይላል፣ ለረድኤት ግን ይነሱ አላላትም። ሠላሳ ሦስት።

ያኔ ጉብታው ቅርጹን ቀየረ። አንዳርጌ ዕድሜውን የሰውን እርምጃ በመስመር ላይ ሲያነብ የኖረ ነውና አልጠፋውም። ልጁ ተነስታለች። አግዳሚውን ለቀቀች፣ ወደ በርሜሉ ቀረበች፣ በእሱና በበርሜሉ መካከል አለፈች። ፊቱን የነካው አየር መንደሪን አልሸተተም፤ ዛሬ የተቆፈረ አፈር ሸተተ። ከጀርባው፣ ከደረጃው በኩል፣ እንጨት በቀስታ ሲጥጥ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ የረገጠው ነገር፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ተመልሶ ወረደ።

«ጋሽ አበጋዝ ናቸው?» አለች ረድኤት፣ ቀና ሳትል።

«አይደሉም» አለ አንዳርጌ። «ቤቱ ያረጀ ነው።»

አሥራ አንድ ላይ ሲወጡ ሚዛኑ አርባ አራት አላት። ረድኤት በሳቅ ፈነዳች። «ይሄን ሚዛን ቤትሽ ውሰጂው በሉኝ! አሥራ አራት ኪሎ በሁለት ሰዓት! ጂም የከፈልኩት ሁሉ በነነ!» ብላ ከሚዛኑ ዘለለች፤ መሬት ለመንካት ግን ትንሽ ዘገየች። አንዳርጌ አየ። እሷ ጫማዋን እየፈለገች ነበር። «ጋሼ፣ ሐሙስ ተማሪዎቼን ይዤ እመጣለሁ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሥራ አይተው አያውቁም። ቦታ ይበቃናል?»

አንዳርጌ ልጁ የምትወጣቸውን ደረጃዎች ቆጠረ። አሥራ አራት ናቸው። ከዚያ ግቢው፣ ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ ቤት።

«አበቃዋለሁ» አለ።

ሰኞ አናጺ ጠራ። ረቡዕ ሦስት ረጃጅም አግዳሚዎች ወረዱና በአሮጌው ዙሪያ ተደረደሩ። ጋሽ አበጋዝ አንዱን ጫፍ ይዘው ሲያወርዱ ለምን እንደሆነ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ጠየቁ፣ ድመቷን ጨምሮ፤ መልስ ሲያጡ ከተማ ወርደው ለስንዱ ነገሯት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪዎቹ በበሩ ፊት ተሰልፈዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ ሚዛኑ ላይ እየወጡ ይተራረባሉ፣ «ኧረ ምሳውን አስተፉት!»፣ «ካልሲህንም አውልቅ፣ እሱ ብቻውን ኪሎ ነው!»። ረድኤት ዳገቱን ወጥታ ግራ እጇን የአጥሩ ብረት ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ጠበቅ ታደርገዋለች። አንዳርጌ መዝገቡን ይዞ የእያንዳንዱን ስምና ክብደት ይጽፋል። በጠቅላላው ስድስት መቶ ሰማንያ ኪሎ።

ስንዱ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ደረሰች። ተማሪዎቹን አየች፤ በተከፈተው በር የሚታየውን የአግዳሚዎች ጫፍ አየች።

«ማልህልኝ ነበር» አለች፣ ሌላ እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ።

«እኔ አልተቀመጥኩም።»

«እነዚህስ? እናት የላቸውም?»

መዝገቡን ዘጋ።

«አንዳርጌ፣ ስማኝ። ልጄ ያንን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ነበር የምትወጣው። ልትነሳ ብላ የማንንም ገላ ለምና አታውቅም። ለመቆም ይህን ሁሉ ሰው የሚፈልግ ነገር እሷ አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አለ አንዳርጌ።

ስንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ታዲያ ለምን?»

«ዳግመኛ ግን በእጄ አልቀንሳትም» አለና ለመጀመሪያዋ ተማሪ በሩን ያዘላት።